ክር ያልታሰረበት ማንኪያ

ሐሙስ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሰዓቱን የጻፍሁት የግድግዳውን ሰዓት ከእጄ ሰዓት ጋር ካመሳከርሁ በኋላ ነው፤ የግድግዳው በሁለት ደቂቃ ይቀድማል። በዚህ ሰዓት የጎረቤቴ የሐዋ የልጅ ልጅ ሐያት፣ የእነርሱንና የእኔን ግቢ በሚያገናኘው የአጥር ማለፊያ ገብታ፣ ክዳን ያለው የመስተዋት ሳህን በረንዳዬ ላይ ካለው ጠረጴዛ አኖረች።

ሐያት አራት ዓመት በዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ባለፈው ሰኔ የተመለሰች ልጅ ናት። ከመጣች ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስሙን የማያውቀውን ጣፋጭ ይቀምሳል። የዛሬው ከታች የደቀቀ ብስኩት፣ በላዩ ነጭ ክሬም፣ በክሬሙ ላይ በስሱ የተቆረጠ ማንጎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሳህኑ ሲነካ የሚንቀጠቀጥ ብርቱካንማ ንጣፍ ነበረው። ክዳኑን ስታነሣ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ወጣ። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው የከሰዓት ነፋስ ወዲያው ወሰደው።

«ጋሼ፣ ይቺን ይቅመሱልኝማ» አለች። ማንኪያውን ልታቀብለኝ እጇን ዘርግታ እንደገና መለሰችው። «ቆይ! እማማ ሐዋ አደራ ብላኛለች። ‹ከምን እንደተሠራ ሳትነግሪው ማንኪያ እንዳታስጨብጪው› አለችኝ። ይኸው ልንገርዎ፤ የሚያረጋው ዱቄት ከባሕር ሣር የተሠራ ነው። አጥንት የለበትም። ምን ማለቷ እንደሆነ ግን ወላሂ አልገባኝም።»

እኔ ገብቶኛል። ሐያትን አመስግኜ ሸኘኋት፤ ሳህኑን ግን አልነካሁትም። የዚህን ሳህን ታላቅ ወንድም ከሃምሳ ሦስት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ በገዛ እጄ ሠርቼው ነበርና።

ያን ጊዜ በአዲስ አበባ የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርሁ። ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ሐይቅ የመጣሁት ከጥምቀት በኋላ፣ ሌሊቱ ብርድ ቀኑ ግን ፀሐይ በሆነበት ሰሞን ነው። እቤት የደረስሁ ዕለት እናቴ ከጉልበቴ እስከ ፀጉሬ ዳብሳኝ ስታበቃ የመጀመሪያ ወሬዋ፣ «ሰይድ ሊሄድ ነው» የሚል ነበር። «አሰብ። ያጎቱ ልጅ ወደብ ላይ ሥራ አግኝቶለታል። ዓርብ ጧት ይነሣል።»

ሰይድ ማን እንደ ነበር በትክክል መናገር አለብኝ። እናቴ እኔን በወለደች በሳምንቷ በወባ ወደቀች፤ ወተቷም ደረቀ። የአጥር ጎረቤታችን እማ ዘይነባ ሰይድን ከወለደች ሁለት ወር አልሞላትም ነበር። በዚያው ዛሬ ሐያት በገባችበት ማለፊያ በቀን አምስት ጊዜ እየመጣች አንዱን ጡት ለእኔ፣ ሌላውን ለልጇ ትሰጥ ነበር። ስለዚህ እኔና ሰይድ የአንድ ጡት ልጆች ነን። አባቴ በሦስት ዓመቴ ሲሞት ደግሞ የሰይድ አባት፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ እንድሪስ፣ ለሁለታችንም ቁምጣ ከአንድ ጣቃ እየቀደደ ሰፋልን። ትርፍራፊው ጨርቅ ሲበቃ ለሰይድ እህት ለሐዋ ቀሚስ ይሆን ነበር። ሦስታችን አንድ ላይ ስንሄድ «ከአንድ ድርጅት የተላካችሁ ትመስላላችሁ» ይሉን ነበር።

በአዘቦት ቀን የሁለቱ ቤት መሶብ አንድ ነው። ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ወተቱ በማለፊያው ይመላለሳል። በበዓልና በድግስ ቀን ግን ሥጋ ይመጣል፤ ሥጋ ሲመጣ ድስት ይለያያል። በአገራችን ክርስቲያኑ ከእስላም ዕርድ፣ እስላሙም ከክርስቲያን ዕርድ አይበላም። ይህ ጠብ አይደለም። እንዲያውም በእኛ ፋሲካ እናቴ ለእነርሱ አንድ በግ ለይታ ጋሽ እንድሪስ መጥቶ ያርደዋል፤ በእነርሱ ዒድ ደግሞ ለእኛ የሚታረደው በግ በሌላው ጥግ ይታሰራል። በጉ በእነርሱው ጓሮ ሁለተኛ ጉልቻ ላይ ይቀቀላል። ጭልፋዎቹ እንዳይቀላቀሉ እማ ዘይነባ በአንደኛው እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስር ነበር። አሠራሩ የመከባበር ነው፤ ዛሬም እንደዚያ ነው የማየው። ልጅ ሳለሁ ግን ያ ቀይ ክር ያሳዝነኝ ነበር። ከአንድ ጡት የጠጣን ሁለት ልጆች፣ ሌላው ሰው ሁሉ በሚደሰትበት ቀን ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን እንበላለን።

በእኔና በሰይድ መካከል ከክሩ የባሰም ነገር ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉን ፈተና አብረን ተፈተንን፤ እኔ አለፍሁ፣ እርሱ ወደቀ። አዲስ አበባ በገባሁ በሁለተኛው ወር በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፈልኝ። አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ምናልባት ለመጻፍ ሳምንት ፈጅቶበት ይሆናል። ደብዳቤውን አንብቤ፣ ስህተቱን ሁሉ በቀይ ቀለም አርሜ፣ በዚያው ፖስታ መለስሁለት። ለጥቅሙ መስሎኝ ነበር። በሃያ ዓመት ዕድሜ የሰው ጥቅም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አለ ብዬ ዛሬ አላምንም፤ ያኔ ግን አውቃለሁ ባይ ነበርሁ። ሰይድ ከዚያ ወዲህ አልጻፈልኝም። በየዕረፍቱ ስመጣ ሰላምታ አልነፈገኝም፤ ከአባቱ አጠገብ ካለችው ሁለተኛዪቱ የስፌት መኪና ቀና ብሎ፣ «ፕሮፌሰር፣ ደኅና መጣህ?» ብሎኝ እግሩን ወደ መርገጫው ይመልሳል።

አሁን ሊሄድ ነው። ሳይታረቀኝ ከሄደ መልሼ እንደማላገኘው ያኔም ጠርጥሬ ነበር። በአገራችን መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት ጎረቤቱን እየዞረ «አፉ በሉኝ» ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። ቀሪውም «አንተም አፉ በለኝ» ብሎ ይመልሳል። እስላሙም ክርስቲያኑም ይህን ቃል አንድ ዓይነት ነው የሚለው። ሦስት ቃል ነበር የሚበቃኝ። እኔ ግን ሦስት ቃል ከመናገር ሦስት ንጣፍ ያለው ምግብ መሥራት ቀለለኝ።

ምግቡን ያየሁት አዲስ አበባ፣ አብሮኝ በሚያድር ልጅ አክስት ቤት ነው። ሴትዮዋ በውጭ አገር ሰዎች ቤት ወጥ ቤት ነበረች። ምድጃ ሳይነካ በመስተዋት ሳህን ተነባብሮ የሚረጋውን ይህን የፍራፍሬ ጣፋጭ ስትሠራ አይቼ፣ መጠኑን በቤተ ሙከራ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ስሰናበታትም የሚያረጋውን ዱቄት፣ ጄላቲን፣ ሁለት ካርቶን ሰጠችኝ። እቅዴ ግልጽ ነበር። ሐሙስ ጾም የለም፤ ረመዳን ገና ሩቅ ነው። ሥጋ የሌለበት፣ ግን ለሽኝት የሚበቃ ክብር ያለው ምግብ እሠራለሁ። ሁለቱ ቤተሰብ ክር በሌለው ማንኪያ ከአንድ ሳህን ይበላል። ሰይድም ለምን እንደሠራሁት ሳልነግረው ይገባዋል።

ሰኞ ውጫሌ ወርጄ ከቆላ የመጣ ብርቱካንና ሙዝ ገዛሁ። ማክሰኞ እርጎውን በንጹሕ ነጠላ ቋጥሬ በግቢያችን ዋርካ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅዬ ውኃውን አጠለልሁ፤ ሲጠብቅ ማር ቀላቀልሁበት። ብስኩቱን በሙቀጫ ወቀጥሁ። ሐዋ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አፏን የሚዘጋ ምንም ነገር አልነበረም፤ ማለፊያው ላይ ተደግፋ ታየኛለች።

«እናንተዬ! ወንድ ልጅ ሙቀጫ ላይ! አዲስ አበባ ሦስት ዓመት የተማርኸው ይኸንን ነው?»

«ሐዋ፣ መጠኑን እንዳታሳስቺኝ።»

«ወይ መጠን! እርጎ በመድኃኒት ጠርሙስ ሲለካ ዛሬ አየሁ። ሁላችንም የምንበላው ምግብ ከፈለግህ ሽሮ አለልህ አይደል?»

«በሽሮ ሰው ይሸኛል?»

«ሰይድ ሽሮ ይወዳል። አንተ ረሳኸው እንጂ።»

ይህን ብላ ሄደች። ከዚያ በእናቷ ተልካ ተመለሰች፤ ከጓሯቸው ከነዘንጉ የተቆረጠ፣ አንዱ ጎኑ ቢጫ የሆነ ትልቅ ፓፓያ ይዛለች። «እማ ‹ከእኔም እጅ ይግባበት› ብላለች» አለችኝ።

ደስ አለኝ፤ የላይኛውን ንጣፍ በፓፓያው ለመሥራት ወሰንሁ። ዱቄቱን በሙቅ ውኃ አሟሟሁ፣ የተከተፈውን ፓፓያ ጨመርሁ፣ በሙከራ ሳህን ላይ አፈሰስሁት። ማቀዝቀዣ አልነበረንም። እናቴ ውኃ የምታኖርበትን ትልቅ ጋን ነፋስ ከሚመጣበት የግቢው ጥግ ግማሽ ድረስ ቀብሬ፣ ዙሪያውን በረጠበ ጆንያ ጠቀለልሁት። ውኃ ሲተን ሙቀት ይወስዳል። በጥር ሌሊት በሐይቅ ነፋስ ጋኑ ውስጥ የገባ እጅ ይደነዝዛል። ረቡዕ ጧት ግን ሳህኑን ሳወጣ ፓፓያው በቢጫ ውኃ ውስጥ ይዋኛል። አንዲት ጠብታ እንኳ አልረጋችም።

ቀኑን ሙሉ የት እንደተሳሳትሁ ስፈልግ ዋልሁ። መጠኑ ልክ ነው፣ ቅዝቃዜው ልክ ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ የትምህርት ማስታወሻዬ ትዝ አለኝ፤ በጥሬ ፓፓያ ውስጥ ሥጋን የሚፈታ ነገር አለ። ጄላቲኑም ከእንስሳ የወጣ ስለ ሆነ ፈታው። መልሱን በራሴ ማግኘቴ ከመጠን በላይ አስደሰተኝ። እዚያው ላይ፣ ጄላቲን ከእንስሳ እንደሚወጣ ለራሴ ስናገር፣ ምን ማለቴ እንደ ሆነ ልብ ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ለእኔ ጄላቲን በጠርሙስ ላይ የተለጠፈ ስም ነበር እንጂ አጥንት አልነበረም። በሁለተኛው ካርቶን ብርቱካንና ሙዝ አድርጌ እንደገና ሠራሁት። ሐሙስ ጧት ጋኑን ስከፍት ረግቶ አገኘሁት። በጣቴ ነካ ሳደርገው ተንቀጥቅጦ ቀጥ አለ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ እነ ጋሽ እንድሪስ መጡ። እናቴ በግቢው ላይ ሰሌን አንጥፋ፣ የእንጨት ጠረጴዛዋን አውጥታ፣ አዲስ ጨርቅ አልብሳዋለች። ሳህኑ መካከል ላይ ተቀመጠ። በዙሪያው ስድስት ማንኪያ አኖርሁ፤ አንዱም ክር አልነበረበትም። ጋሽ እንድሪስ ነጭ ኮፍያውን አስተካክሎ ሳህኑን ከዚህም ከዚያም ዞሮ አየው።

«ማሻአላህ! እንግዲህ የተማረ ሰው ድግስ ይኸ ነው።»

እናቴ፣ «እሳት ያልነካው ድግስ አይቼ አላውቅም፤ ከታመማችሁ በእኔ አይደለም» አለች፤ ኩራቷን ግን ከፊቷ መሸሸግ አልቻለችም።

ሰይድ ጎንበስ ብሎ በመስተዋቱ በኩል ንጣፎቹን ተመለከተ። ቡናማው፣ ነጩ፣ ከላይ ሙዝ የተኛበት፣ ፀሐይ የያዘው ብርቱካን። «ወንድሜ፣ የአምባሰልን ገደል ቆርጠህ ነው እንዴ ያመጣኸው?» አለና ሳቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ እኔ በሠራሁት ነገር ሲስቅ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም «ፕሮፌሰር» ትቶ «ወንድሜ» ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። በቃ፣ ሆነ፣ አልሁ በልቤ።

ጋሽ እንድሪስ «ቢስሚላሂ» አለ፤ እናቴ አማተበች። ሐዋ ማንንም ሳትጠብቅ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ዓይኗን ጨፈነች። «ወላሂ ይጣፍጣል! እንዲያውም አፍ ውስጥ ይሸሻል።» ሰይድ ማንኪያውን ከላይ እስከ ታች አጥልቆ ሁሉንም ንጣፍ አንድ ላይ ቆረጠ። እማ ዘይነባ ግን ገና አልጀመረችም፤ ሳህኑን ስትፈትሽ ነበር።

«የእኔ ፓፓያ የታለ፣ ልጄ?» አለች። «ሐዋን አስይዤ ልኬልህ አልነበር? ናቅኸው እንዴ?»

ቀልድ ይመስላል፤ ቅያሜም ነበረበት። ፓፓያው ከገዛ እጇ ተክል ነው፤ ለልጇ ሽኝት የላከችው ነው። «ስላልበቃ ነው» ብላት ይበቃት ነበር። «ለነገ አቆይቼው ነው» ብላትም ይበቃት ነበር። እኔ ግን ላጽናናትም ፈለግሁ፤ እውነቱን ልናገርና ባገኘሁት መልስም ልኩራራ ፈለግሁ።

«ፓፓያሽስ ምንም ጥፋት የለበትም፣ እማ። ፓፓያ ሥጋን የሚፈታ ነገር በውስጡ አለው። ይህ የሚያረጋው ዱቄት ደግሞ ከአጥንትና ከቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ፓፓያሽ እንደ ሥጋ ቆጥሮ ፈታው!»

ማንም አልሳቀም። የጋሽ እንድሪስ ማንኪያ ከሳህኑና ከአፉ መካከል ቆመ።

«የምን አጥንት?» አለኝ በለሆሳስ።

«የከብት።»

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ምናልባት አሁንም ሊተርፍ ይችል ነበር፤ ጋሽ እንድሪስ ነገር የሚያለዝብ ሰው ነው። ግን ያልተሟላ መልስ መስጠት አልወድም። «ማለት፣ አንዳንዱ ፋብሪካ ከአሳማም ያወጣዋል። ይኸኛው ከየትኛው እንደ ሆነ ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም» አልሁ።

እናቴ «በስመ አብ!» ብላ ማንኪያዋን ጣለችው። ሐዋ አፏን ይዛ ወደ ውኃው ሮጠች። እማ ዘይነባ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አኖረች። ስንት ዓመት ሙሉ በክር ሲለዩ የኖሩ ሁለት ቤተሰቦች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሳህን ላይ በአንድ ልብ ተጸየፉ። ያደረግሁት ነገር ይህ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ የሞላውን ማንኪያ ቀስ ብሎ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስደገፈው። «ሐዋ፣ ተይ አትሩጪ፤ ሳታውቂ የዋጥሽው አይጻፍብሽም። ተጉመጥመጪና ነይ» አለ። ወደ እኔ ዞረ። «አብሽር፣ ልጄ። ነገርኸን፤ ደግ አደረግህ። አማናህን፣ አደራህን ጠበቅህ።» ቃሉ የምስጋና ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመስግኛለሁ፤ እንደዚያ ምስጋና አንገቴን ያስደፋኝ ግን የለም።

እናቴ ዳቦና ሻይ አቀረበች። ጋሽ እንድሪስ ዱዓ አደረገ፤ እናቴም ሰይድን ሦስት ጊዜ ስማ፣ «የግሸኗ እመቤቴ ትከተልህ» አለችው። እርሱም እጇን ስሞ «አፉ በይኝ» አላት። «አንተም አፉ በለኝ፣ የልጄ ወንድም» አለችው። ሳህኑ መካከላችን ላይ እንዳለ፣ ፀሐይዋ እየወረደች ስትሄድ ብርቱካኑ እየጠቆረ ሄደ።

ሲወጡ ሰይድ ወደ ኋላ ቀረ። ማለፊያው ላይ፣ አንድ እግሩ በእኛ ግቢ፣ አንድ እግሩ በእነርሱ እንዳለ ቆመ።

«ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አለኝ።

«ውሸት ልናገር?»

«ማን ዋሽ አለህ? ዝም ማለት ነው ያልሁህ። እኛ ሳናውቅ በላን፤ ለእኛ አይጻፍብንም። አንተ ብቻ ትሸከመው ነበር። እኛን መሸከም ይኸን ያህል ይከብዳል?»

የማለፊያውን እንጨት በጣቴ መቧጠጥ ያዝሁ።

«ደብዳቤውንም እንዲሁ ነው የመለስኸው» አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «ያኔም ልክ ነበርህ።»

ከዚያ ወደ ሐይቁ በኩል አየ። የእስጢፋኖስ ገዳም ደወል ወደ ሐይቁ ከገባው ልሳነ ምድር ይሰማ ነበር። «ለማንኛውም፣ አፉ በለኝ» አለኝ።

የሚመለሰው ቃል ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ነው። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ያሰብሁት በዳዩ እኔ ሆኜ ሳለ ይቅርታ ጠያቂው እርሱ መሆኑን ነበር፤ ነገሩ ተገላብጦ ታየኝ። ልክ ላድርገው ብዬ፣ «አንተ ደግሞ ምን አጥፍተህ?» አልሁት።

ሰይድ ትንሽ ጠበቀ። የሚቀረውን ግማሽ ነበር የሚጠብቀው። ሳይመጣ ሲቀር ራሱን ነቀነቀና ሌላውን እግሩን አሻገረ።

እናቴ ምግብ መድፋት ኃጢአት ነው፣ ያን ነገር እቤት ማሳደርም አልፈልግም ብላ፣ ሳህኑን ወደ ጋኑ እንድመልሰው አዘዘችኝ። መልሼ ጆንያውን በገመድ አሰርሁት። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ የማለፊያው በር ሲንቋቋ ሰማሁ። የሰው ኮቴ ነበር፤ ወደ እኛ ይምጣ ከእኛ ይሂድ መለየት አልቻልሁም። ተነሥቼ ከመንገድ ላይ ልደርስበት፣ ያቺን የቀረች ግማሽ ልነግረው እችል ነበር። ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ስቤ ተኛሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር እያስተካከልሁ ነበር። ገና ሳልጨርስ ሰይድ የሚሄድበት የጭነት መኪና ወደ ኮምቦልቻ ሲነሣ ከዋናው መንገድ ተሰማ።

ፀሐይ ስትወጣ ወደ ጋኑ ሄድሁ። ገመዱ ታስሯል፤ ቋጠሮው ግን የእኔ አልነበረም። ሳህኑን አወጣሁ። ትናንት ማንም ካልነካው ጎን፣ ከላይኛው ብርቱካን እስከ ታችኛው ብስኩት፣ የአንድ ሰው ድርሻ የሚያህል በንጽሕና ተቆርጦ ወጥቷል። ንጣፎቹ በተቆረጡበት በኩል አንድ በአንድ ይታያሉ። በሳህኑ ላይ አንድ ማንኪያ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ በጀርባው ተጋድሟል።

እናቴን ጠየቅኋት፤ እኔ አይደለሁም ብላ በግሸን ማርያም ማለችልኝ። እማ ዘይነባን ጠየቅሁ፤ አለቀሰች እንጂ አልመለሰችልኝም፤ ለቅሶዋ ግን ስለ ሳህን አልነበረም። ጋሽ እንድሪስ ከስፌቱ ቀና ሳይል፣ «ልጄ፣ ሁሉን ነገር አትለካ» አለኝ። ሐዋ ዓይን ዓይኔን አይታኝ ሄደች።

ከአምስት ወር በኋላ ከአሰብ አንድ ደብዳቤ መጣልኝ፤ በአማርኛ ነው። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መርከቦቹ፣ ስለ ባሕሩ ጨው ይናገራል። ስለ ሳህኑ ምንም አይልም። የመጨረሻዋ መስመር፣ «የዚህን ስህተት አትመልስልኝ፤ አንተው ጋ ይቀመጥ» ትላለች። ሰባት ገጽ መልስ ጻፍሁለት። ስለ ትምህርቴ፣ ስለ ከተማው፣ ስለ እናቴ ጤና ጽፌ፣ አራተኛው ገጽ መካከል ላይ፣ ሌላ ነገር መስሎ፣ «አንተም አፉ በለኝ» የምትለውን አስገባኋት። መልስ አልመጣም። በዓመቱ የአጎቱ ልጅ ሰይድ በመርከብ ወጥቷል ብሎ አስነገረ፤ ወዴት እንደ ሆነ አላወቀም። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፤ በኋላም የአሰብ መንገድ ራሱ ተዘጋ። ጋሽ እንድሪስ የሰይድን የስፌት መኪና ዘይት እየቀባ እስኪሞት ድረስ ለማንም አላስነካም።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት አስተማርሁ። ተማሪዎቼ በልክነቴ ይፈሩኝ ነበር፣ ይወዱኝም ነበር ይባላል። የተሳሳተ ቁጥር አይቼ አላለፍሁም። ሰይድ በጠየቀኝ ጥያቄ ላይ ግን እስከ ዛሬ እወዛገባለሁ። ለእነዚያ ሰዎች ሃይማኖታቸው የከለከለውን ሳያውቁ ማብላት በደል ነው፤ መናገሬ ትክክል ነበር። በዚህ አልጸጸትም። የሚያስጸጽተኝ ሌላ ነው። ዱቄቱን በውኃ ሳሟሟ፣ ገና ረቡዕ ዕለት፣ አጥንት መሆኑን የማውቀውን ያህል የሚበሉትን ሰዎች ባስብ ኖሮ መናገርም ዝም ማለትም አያስፈልግም ነበር። መጠኑን ሁሉ ለካሁ፤ የሚበሉትን ግን ረሳሁ።

ዛሬ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ፣ የሐያትን ሳህንና ሁለት ማንኪያ ይዤ በማለፊያው ተሻገርሁ። ሐዋ ጉልበቷን ያማታል፤ ደጃፏ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ሳህኑ እንዳልተነካ አይታ ፊቷን አጨፈገገች።

«አሁንስ ከምን እንደተሠራ ተነግሮሃል። ምን ቀረህ?»

«አብረሽኝ እንድትበዪ ነው።»

ማንኪያውን ተቀበለችኝ። በላን። ከላይ ያለው ብርቱካን በምላስ ላይ ቀዝቅዞ ይጠፋል፤ ልክ ያኔ እንዳለችው፣ ይሸሻል። ጠየቅኋት። «ሐዋ፣ ያን ዕለት ጧት ከሳህኑ የበላው ማን ነበር?»

«አሁንም እዚያው ነህ? ሃምሳ ዓመት ሙሉ!»

«ሃምሳ ሦስት።»

ሳቀች፤ ጥርሷ ጥቂት ነው የቀረው፤ ሳቋ ግን ያው የማለፊያው ሳቅ ነው። ከዚያ ሳቋ ጠፋ። ወደ መንገዱ በኩል፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው በኩል፣ አየች።

«ብነግርህ ትጽፈዋለህ» አለች። «ከጻፍኸው ደግሞ ትዘጋዋለህ። እኔ ወንድሜን እንድትዘጋው አልፈልግም። ብላ።»

በላሁ።

ያልተፈታው ይህ ነው። ያን ዓርብ ከሳህኑ የበላው ሰይድ ይሁን ሌላ ሰው አላወቅሁም። አራተኛው ገጽ ላይ የጻፍኋት ቃል ትድረሰው አትድረሰው አላወቅሁም። ሳህኑ ታጥቦ ለሐያት ተመልሷል፤ አንደኛው ማንኪያ ሐዋ ዘንድ ቀርቷል።